የዳንግላ አርበኞች መጀመሪያ የተነሡት ለምን ነበር?

ሚያዝያ 27 በመጣ ቁጥር የአርበኞች ታሪክ ከንጉሠ ነገሥቱ ስደትና መመለስ ጋር አብሮ ይወሳል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ገቡ፤ መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ደረሱ። ይህ አያከራክርም። የሚያከራክረው የጎጃም ሰው ቀድሞ ዱር የገባበት ምክንያት ነው።

በቤተ መንግሥቱ አተራረክ ሕዝቡ የተነሣው ለንጉሡ ብሎ ነው። የዘመኑ ቅደም ተከተል ግን ይህን አይደግፍም። በ1924 ዓ.ም. ራስ ኃይሉ ተሽረው ራስ እምሩ ሲሾሙ ብዙ የጎጃም ሰው ቅር ተሰኝቶ ነበር፤ ጣሊያን በ1928 ሲገባም አገሩ ወዲያው አልተነሣበትም። እሳቱ የተቀጣጠለው በ1930 ጣሊያን «ጠመንጃ አስረክብ» ማለት ሲጀምር ነው። ለጎጃም ገበሬ ጠመንጃ ርስቱን የሚያስከብርበት፣ ለልጁ የሚያወርሰው፣ ለቅሶ ላይ ይዞት የሚቆመው ንብረት ነበር። ትጥቅ መፍታት ከሰው በታች መሆን ነበር። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ በዳንግላ ዙሪያ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ በቡሬ፣ በላይ ዘለቀ በብቸና በኩል ያሰባሰቡት ይህንኑ የተቆጣ ሰው ነው።

የንጉሡ ጉዳይ እየቆየ ገባ። ሎሬንሶ ታእዛዝ በ1931 በንጉሡ ተልከው ከአርበኞቹ መሪዎች ጋር ተገናኙ። በነሐሴ 1932 የመጡት እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድም ተቀናቃኞቹን መንገሻንና ነጋሽን አስማሙ። በየካቲት 1933 የጣሊያናዊው ኮሎኔል ቶሬሊ ጦር ዳንግላን ለቅቆ ወደ ባሕር ዳር አፈገፈገ።

በቱርክ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። በ1911 ዓ.ም. ሙስጠፋ ከማል ሳምሱን ወርዶ ያደራጀው እንቅስቃሴ የአገርን ነፃነትና አንድነት ብቻ ሳይሆን ሱልጣኑንም እንደሚጠብቅ በጉባኤዎቹ ቃል ገባ፤ ጥቅምት 1915 ላይ ግን ሱልጣንነትን ራሱን ሻረ። ለትጥቁና ለርስቱ የተነሣው ጎጃም በበኩሉ ንጉሥ መልሶ አነገሠ።

የመነሻው ዓላማ ግን አልተረሳም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ የጎጃም ገበሬ በዚያው መንግሥት ላይ ተነሣ፤ መንግሥትም የጦር አውሮፕላን ላከበት። ዘንድሮ ሚያዝያ 27 ሲከበር በዳንግላ ትምህርት ቤቶች የ1930ው አመፅ ንጉሡ በኦሜድላ ከገቡበት ታሪክ እኩል ይነገር።