የፊሌ ካህናት ዜና

ይህ ከአስዋን በስተ ደቡብ፣ ዓባይ በጥቁር ቋጥኝ ተከፋፍሎ በሚያጓራበት ስፍራ፣ ፊሌ በምትባል ደሴት ላይ ለኢሲስ ያገለገሉ ካህናት ዜና ነው። የጥንት ግብፃውያን ኢሲስን «በአስማት ታላቋ» እያሉ ይጠሯት ነበር። እኛ ክርስቲያኖች ስንሆን ስለ እርሷ መጻፋችን አምልኮዋን ለማደስ አይደለም፤ ከሦስት ሺህ ዘመን በላይ የኖረ ጽሕፈት ከምድር ሲጠፋ ብዕሩ በመጨረሻ በማን እጅ እንደ ነበረ ሊታወቅ ይገባል ብለን ነው እንጂ። በዚህ ዜና ያሉት ዓመታት፣ ለይተን ካልተናገርን በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን እምነታቸውን እንናገር። ግብፃውያን ሄካ የሚሉት ኃይል ነበር፤ ይኸውም በቃልና በስም የሚሠራ፣ ዓለም ሲፈጠር ከፈጣሪ ጋር የነበረ ኃይል ነው ይሉ ነበር። ስለዚህ አስማት በእነርሱ ዘንድ የሚያሳፍር ነገር አልነበረም፤ ሐኪሙም ካህኑም በግልጥ ይሠሩበት ነበር። ከአማልክቱም ሁሉ አብልጣ የያዘችው ኢሲስ ናት አሉ። እንዴት እንደ ያዘችውም በፓፒረስ ጽፈው አቆይተዋል፤ ጽሑፉ ዛሬ በጣልያን አገር በቱሪን ከተማ ይገኛል።

ነገሩም እንዲህ ነው። የፀሐይ አምላክ የሆነው ራ አርጅቶ ምራቁ ከአፉ ወደ ምድር ይወርድ ነበር። ኢሲስም ምራቁን ከአፈር ጋር ለውሳ እባብ አበጀች፤ እርሱ በሚያልፍበት መንገድም አኖረችው። እባቡ በነደፈው ጊዜ ራ እንደ እሳት ተቃጠለ፤ አማልክቱም ተሰብስበው አለቀሱ፤ የሚያድነው ግን አልተገኘም። ያን ጊዜ ኢሲስ ቀርባ፣ ስሙ የተጠራለት ይድናልና ስምህን ንገረኝ አለችው። እርሱም በጧት ኬፕሪ፣ በቀትር ራ፣ በማታ አቱም እባላለሁ አላት። እርሷ ግን ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ የተሸሸገውን ንገረኝ ብላ ጸናች። መርዙ በበረታበት ጊዜ ስሙ ከእርሱ ሆድ ወደ እርሷ ሆድ እንዲያልፍ ፈቀደ፤ እርሷም መርዙን አዝዛ አስወጣችው። ጸሐፊው ያን ስም አልጻፈውም።

ባሏ ኦሲሪስ ነው። እርሱን ግሪኮች ጢፎን የሚሉት ወንድሙ በቅናት ገደለው፤ ሬሳውንም ቈራርጦ በተነው። የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርኮስ ቍራጮቹ 14 ነበሩ ይላል። ኢሲስም ዞራ ሰበሰበችው፤ በአስማቷም አንሥታ ከእርሱ ሆሩስን ፀነሰች። ልጇንም በዓባይ አፍ ባለው ረግረግ፣ በደንገል መካከል ሸሽጋ አሳደገችው።

በዚያ ስደቷ የሆነ አንድ ነገር አለ፤ ከተጻፉት ሁሉ ልባችንን የነካው ይህ ነው። ኢሲስ ሰባት ጊንጦች አጅበዋት ስትሄድ ከአንዲት ባለጸጋ ሴት ደጅ ደረሰች። ባለጸጋዋ ጊንጦቹን ባየች ጊዜ በሯን ዘጋችባት፤ በረግረጉ የምትኖር አንዲት ድኻ ልጅ ግን ከፈተችላት። ጊንጦቹም ተቈጥተው መርዛቸውን ሁሉ ለአንዱ ሰጡት፤ እርሱም በበሩ ሥር ገብቶ የባለጸጋዋን ልጅ ነደፈ። ሴትዮዋ እየጮኸች በከተማው ስትሮጥ የሚረዳት አልተገኘም። ኢሲስ ግን ለሕፃኑ አዘነች፤ ያለ በደሉ መሞት የለበትም ብላ እጇን ጫነችበት፤ መርዙንም በስሙ ጠርታ አስወጣችው። ባለጸጋዋም ተጸጽታ የቤቷን ሀብት ለዚያች ድኻ ልጅ ሰጠች። ይህ ታሪክ በንጉሥ ነክታነቦ ዳግማዊ ዘመን በአንድ ድንጋይ ላይ ተቀርጿል።

ከዚህ እምነት የተነሣ ሆሩስ አዞ ረግጦ፣ እባብና ጊንጥ ጨብጦ የሚታይባቸው፣ ዙሪያቸውን ድግምት የተጻፈባቸው ድንጋዮች ይሠሩ ነበር። ካህናቱም ውኃ አፍስሰውባቸው፣ ጽሕፈቱን አጥቦ የወረደውን ለተነደፈ ሰው ያጠጡት ነበር። ከእነዚህ ድንጋዮች አንዱ እስከ አክሱም ደርሷል፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ አይቶት ሥዕሉን በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ አኑሮታል።

አሁን ወደ ፊሌ እንመለስ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን ነክታነቦ ቀዳማዊ በደሴቲቱ ላይ ለኢሲስ ሠራላት። ከእርሱም በኋላ በጥሊሞሶች ታላቁን መቅደስ አቆሙ፤ የሮም ቄሣሮችም በርና አዳራሽ ጨመሩበት። በፊሌ ፊት ለፊት ቢጋ የምትባል ደሴት አለች። የኦሲሪስ መቃብር በእርሷ ነው ብለው ያምኑ ስለ ነበር ተራ ሰው አይገባባትም፤ ከበሮና በገናም አይሰማባትም፤ ድምፅ ከፍ አድርጎ መናገርም ክልክል ነበር። በመቃብሩ ዙሪያ ለዓመቱ ቀናት ልክ 365 የመሥዋዕት ገበታዎች ነበሩ ይላሉ። በየዐሥር ቀኑም ካህናቱ የኢሲስን ምስል በታንኳ አሻግረው ለባሏ ወተት ያፈስሱለት ነበር።

ስለ ካህናቱ ሥርዓት ሄሮዶቱስ ጽፏል። ጠጕራቸውን ሁሉ በየሁለት ቀኑ ይላጫሉ፤ በቀን ሁለት ጊዜ በሌሊትም ሁለት ጊዜ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባሉ፤ ከተልባ እግር ልብስና ከደንገል ጫማ በቀር አይለብሱም፤ ዓሣና ባቄላም አይበሉም። በማዕርግም ይለያያሉ፦ ንጹሐን የሚባሉት ይሸከማሉ፣ ያጥባሉ፤ መጽሐፍ ያዡ ድግምቱን ያነባል፤ አልባሹ ምስሏን ያለብሳል፣ ይቀባል፤ በላያቸውም የአምላክ አገልጋዮች የሚባሉት አሉ። ኢሲስን ሲያገለግሉ የሚያንሿሹት ጸናጽል በማኅሌታችን ከምንይዘው ጋር አንድ ወገን ነው። ካህናቱ በነገድ ተከፍለው በየወሩ በተራ ይገቡ ነበር፤ ነገዶቹም አራት ሲሆኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ238 በካኖጵ የተሰበሰቡት ካህናት አምስተኛ ጨመሩ።

ካህናት ቢሆኑም ከሹም ግፍ አላመለጡም። በበጥሊሞስ ስምንተኛው ዘመን የፊሌ ካህናት ለንጉሡ አቤት አሉ፦ ሹማምንቱ፣ የጦር አለቆቹና ጸሐፊዎቹ ከነጭፍሮቻቸው እየመጡ ቀለብ በግድ ያወጡናል፤ ቤተ መቅደሱ ደኸየ፤ ለንጉሡና ለልጆቹ የምናቀርበውም መሥዋዕት ሊታጎል ነው። ንጉሡም ሰማቸው፤ እንዳይነኩ አዘዘ፤ ትእዛዙንም በሐውልት እግር በግሪክኛ አስቀረጹት። ያ ሐውልት ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። ሻምፖልዮን በ1822 የግብፅን ፊደል በፈታ ጊዜ የክሌዎጳጥራን ስም ያነበበው ከዚሁ ሐውልት ነው። ግፍን ለመከላከል የቆመ ድንጋይ ለመላው የግብፅ ታሪክ መክፈቻ ሆነ።

በሮምም የኢሲስ አምልኮ ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ብዙ መከራ አገኘው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ50 መቅደሷን እንዲያፈርሱ የታዘዙ ሠራተኞች ስለ ፈሩ ቆንሲሉ ጳውሎስ ራሱ መጥረቢያ አንሥቶ በሩን መታ። ጢባርዮስ ቄሣርም በ19 ዓ.ም. ካህናቷን ሰቀለ፤ ምስሏንም በጢቤር ወንዝ ጣለ። ከዚያ በኋላ ግን ተመልሳ ገነነች፤ የመርከበኞችም ጠባቂ ተባለች።

እንግዲህ ሮም ክርስቲያን ሆና መቅደሶች ሁሉ ሲዘጉ ፊሌ ለምን ቆየች? ምክንያቱ ከደቡብ የመጡ ሰዎች ናቸው። የመርዌ ነገሥታት መልእክተኞችን ከነመባቸው ወደ ኢሲስ ይልኩ ነበር። ዲዮቅልጥያኖስም በ298 የሮምን ወሰን ወደ ፊሌ መለሰ፤ በየዓመቱ ወርቅ ሊሰጣቸው ተስማምቶ ብሌምዮችንና ኖባዎችን በጎረቤትነት አስቀመጠ፤ ከሮማውያንም ጋር የሚያመልኩበትን መሠዊያ በፊሌ አቆመላቸው። ብሌምዮች የሚባሉት የቤጃ ወገን ናቸው፤ ንጉሣችን ዔዛና ከወጋቸው ሕዝቦች መካከል በድንጋይ ያስጻፋቸው ቤጃዎች። ስለዚህ በፊሌ ላይ እጁን የሚያነሣ ቄሣር ወሰኑን ለጦርነት ይከፍት ነበር።

በ4ኛውም መቶ ዘመን መቄዶንዮስ የሚባል ሰው ወደ ፊሌ መጣ። ክርስቲያኖቹ ጥቂት መሆናቸውን አይቶ ወደ እስክንድርያ ሄደ፤ አትናቴዎስም ጳጳስ አድርጎ ሾመው። ይህ ለእኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን የሾመልን አትናቴዎስ ነው። የመቄዶንዮስን ነገር የሚተርከው ገድል እንደሚለው ካህናቱ በቀፎ የተዘጋ ጭልፊት ያመልኩ ነበር። ሊቀ ካህናቱ ወደ ሌላ ስፍራ በሄደ ጊዜ መቄዶንዮስ መሥዋዕት ላቅርብ ብሎ ወደ ሁለቱ ልጆቹ ገባ፤ እነርሱ እንጨት ሲያነድዱ ጭልፊቱን አውጥቶ አንገቱን ቈረጠ፤ ወደ እሳቱም ጣለው። ልጆቹ አባታቸውን ፈርተው ወደ በረሃ ሸሹ። በኋላ ግን አጥምቆ ማርቆስና ኢሳይያስ አላቸው፤ እነርሱም በተራቸው ጳጳሳት ሆኑ። ገድሉ በዚህ የኢሲስ ነገር ያበቃ ያስመስላል። የመቅደሱ ግድግዳ ግን ሌላ ይመሰክራል፤ እኛም ግድግዳውን ማመን ይገባናል እንላለን።

ቴዎዶስዮስ ቄሣር በ391 መቅደሶች እንዲዘጉ አዋጅ አስነገረ። ከሦስት ዓመት በኋላ የኢሲስ ሁለተኛ ካህን የሆነው እስመታኮም የእስመት ልጅ በፊሌ በሐድርያኖስ በር ላይ ማንዱሊስ የተባለውን የኖባ አምላክ ምስል ሠራ፤ በአጠገቡም ስሙንና የአባቱን ስም በጥንቱ የሥዕል ፊደል ጻፈ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ፊደል የተጻፈ፣ ዘመኑም የታወቀ ጽሑፍ አልተገኘም። ከሥሩም በተራው ፊደል ቀኑን ጻፈ፦ የኦሲሪስ ልደት፣ በ110 ዓመት። እነሆ፣ ግብፃውያን በዓመቱ መጨረሻ የሚተርፉትን አምስት ቀናት የአምስት አማልክት ልደት ያደርጓቸው ነበር፤ የመጀመሪያው የኦሲሪስ፣ አራተኛው የኢሲስ ነው። እኒህ ቀናት የእኛ ጳጉሜን ናቸው። 110 ያለውም ከዲዮቅልጥያኖስ መንገሥ ጀምሮ ቆጥሮ ነው፤ ይህም የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዓመተ ሰማዕታት የሚሉት ነው። የኢሲስ ካህንና ቤተ ክርስቲያን ዘመንን የሚቆጥሩት በአንድ መነሻ ነበር። በአገራችን አቆጣጠር ጳጉሜን 1 ቀን 386 ዓ.ም. መሆኑ ነው።

የእስመትም ቤት ፈጥኖ አላለቀም። በ169 ዓመተ ሰማዕታት ታኅሣሥ 23 ቀን ስሜትኬም የአልባሾች አለቃ በግሪክኛ ጻፈ፤ አባቱ ጳኩምዮስ፣ እናቱ ፅንስሜት መሆናቸውን፣ በ165 ዓመት እንደ ተሾመ፣ ከወንድሙ ከስሜቶ ጋርም ሥራውን እንደ ፈጸመ ተናግሮ ለኢሲስና ለኦሲሪስ ምስጋና አቀረበ። በዚያው ወር በተራው የግብፅ ፊደል የመጨረሻው ቀን ያለው ጽሑፍ ተጻፈ። የአባትየው የጳኩምዮስ ስም ከታላቁ የመነኮሳት አባት ስም ጋር አንድ ነው፤ ሰዎቹ ከክርስቲያኖች ጋር በአንድ ምድር፣ በአንድ ስም ይኖሩ ነበርና።

በዚያም ወራት የሮም ጦር አለቃ ማክሲሚኖስ ብሌምዮችንና ኖባዎችን ወግቶ አሸነፈ፤ በፊሌም የ100 ዓመት ሰላም ተዋዋሉ። ጸሐፊው ጵሪስቆስ እንደ መዘገበው የተሸነፉት ምርኮኞችን መለሱ፤ የአለቆቻቸውንም ልጆች መያዣ ሰጡ። ነገር ግን አንድ ነገር ለራሳቸው አስቀሩ፦ ወደ ኢሲስ መቅደስ ያለ ከልካይ ይሻገራሉ፤ በተወሰነው ጊዜም ምስሏን በታንኳ ወደ አገራቸው ወስደው ይጠይቋታል፣ ይመልሷታልም። ማክሲሚኖስ ብዙ ሳይቆይ ሞተ፤ ውሉም ፈረሰ። ተሸንፎ እጁን የሰጠ ሕዝብ ይህን ለራሱ ማስቀረቱ የእምነታቸውን ጽናት ያሳያል።

በ173 ዓመተ ሰማዕታት፣ እ.ኤ.አ. በ456 ወይም በ457፣ ከዚሁ ቤት የመጨረሻው ቀን ያለው የግሪክኛ ጽሑፍ ተጻፈ። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ዝም አለ።

ዮስጥንያኖስ በ530ዎቹ ትውልዱ ከአርመን ወገን የሆነውን ነርሴስን አዘዘ፤ እርሱም መቅደሱን ዘጋ፤ ፕሮኮጲዮስ ግን አፈረሰው፣ ካህናቱንም አሰረ፣ ምስሎቹንም ወደ ቍስጥንጥንያ ላከ ሲል ጽፏል። የኢሲስን ቤት ያፈረሰው ነርሴስ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኛ ግን ቤቱ አስቀድሞ የወደቀ ይመስለናል፤ ሥርዓቱና ፊደሉ በአንድ ቤተ ዘመድ እጅ ብቻ ቀርቶ ነበርና፣ ከጳኩምዮስ ልጆች በኋላ ብዕሩን የተቀበለ በግድግዳው ላይ አይታይም።

ጳጳሱ ቴዎድሮስም የመቅደሱን አዳራሽ በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም ቤተ ክርስቲያን አደረገው፤ በአማልክቱም ምስል ላይ መስቀል ቀረጸ። ንግሥቲቱ ቴዎድራ ዩልያኖስ የሚባል ቄስ ወደ ኖባ ላከች። ሙቀቱ ስለ በረታበት ከሦስት ሰዓት እስከ ዐሥር ሰዓት ውኃ በሞላበት ዋሻ ገብቶ ይቀመጥ ነበር፤ ሙቀቱንም ታግሦ ያስተምርና ያጠምቅ ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲመለስ ሕዝቡን ለቴዎድሮስ አደራ ሰጠው፤ እነዚህም አባቶቻቸው የኢሲስን ምስል በታንኳ ይወስዱ የነበሩ ኖባዎች ናቸው።