ጅማ ዋንጫ ያነሳበት ዘመን፤ የ2010 ዓ.ም. የእግር ኳስ ውድድርና ትምህርቱ

ለመሆኑ የኳስ ታሪክ ታሪክ ነውን? ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ከጓደኞቻችን በኩል ደጋግሞ የመጣብን ጥያቄ ይህ ነበር። የታሪክ ተማሪ የንጉሥና የጦር ሜዳ፣ የመሬትና የግብር ነገር ትቶ ስለ ኳስ ሲጽፍ ቀለል ብሎ የሚታየው ሰው አይጠፋም። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፦ ገንዘቡ በማን እጅ እንዳለ፣ ማዕከሉ የት እንደሆነ፣ ዳር የተባለው አገርስ ከማዕከሉ ጋር በምን እንደተሳሰረ ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ የአንድ ዓመት የኳስ ውድድር ቢመረምር ብዙ ያገኛል። ለዚህም የመረጥነው ጅማ አባ ጅፋር የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ሻምፒዮን የሆነበትን የ2010 ዓ.ም. ውድድር ነው።

ከመሠረቱ እንነሳ። በአገራችን የመጀመሪያው የክለቦች ሻምፒዮና በ1936 ዓ.ም. ሲካሄድ የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ሁሉም የአዲስ አበባ ነበሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያኑ፣ አራራት የአርመኖቹ፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮቹ፣ ፎርቲቱዶ የጣሊያኖቹ፣ አምስተኛው ደግሞ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበር። ዋንጫውንም የወሰደው እንግዳው፣ ማለት እንግሊዙ ነው። ከዚያ በኋላ የአስመራና የድሬዳዋ ክለቦች በየዘመናቸው ብቅ ብለው ሻምፒዮን ሆነዋል። ሆኖም በ1990 ዓ.ም. ፕሪምየር ሊግ በሚል ስም አዲሱ ውድድር ሲጀመር ነገሩ መልሶ አዲስ አበባ ገባ። የመጀመሪያውን ዋንጫ መብራት ኃይል ወሰደ፤ ከዚያ ወዲህ አብዛኛው የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ በነበሩት ሃያ ዓመታት ከአዲስ አበባ ውጭ ዋንጫ የበላ ክለብ ሐዋሳ ብቻ ነበር፤ እሱም በ1996 እና በ1999 ዓ.ም.። ሌላው አገር ሁሉ ተመልካች ነበር ማለት ነው።

ደቡብ ምዕራቡ ደግሞ የተመልካችም ተመልካች ነበር። ከማሻ እስከ ቴፒ፣ ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቦንጋና ጎሬ ያለው አገር ቡናውን፣ ማሩንና ቅመሙን በጭነት መኪና ወደ መሐል ይልካል፤ ከመሐል ደግሞ የሚመጣለት ወሬ ነው። የኳሱም ነገር እንዲሁ። እኛ የማሻ ልጆች ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ በማይለቀው ሜዳ፣ ጭቃ ላይ እየተንሸራተትን ስንጫወት ራሳችንን የምንጠራው በአዲስ አበባ ተጫዋቾች ስም ነበር። አጠገባችን ያለ ሰው ስሙ በሬዲዮ ተጠርቶ ሰምተን ስለማናውቅ ምን እናድርግ?

ታዲያ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ጅማ ውስጥ አንድ ነገር ሆነ። በዚያው ዓመት በፕሪምየር ሊጉ ሲጫወት የነበረው ጅማ አባ ቡና ወረደ፤ የዚያው ከተማ ሌላው ክለብ ጅማ ከተማ ደግሞ ከከፍተኛ ሊግ አለፈ። አብረውት ያለፉት መቀለ ከተማና ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ ነበሩ። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ተከፈተ እንዲሉ ነው። ጅማ ከተማም ስሙን ለወጠና ጅማ አባ ጅፋር ተባለ።

ስሙ ለታሪክ ተማሪ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ በሰላም ገብረው፣ በየዓመቱ ግብራቸውን እየከፈሉ የጅማን የውስጥ አስተዳደር በእጃቸው ያቆዩ ንጉሥ ናቸው። ጎረቤቶቻቸው ከፋና ሸካ በጦር ሲያዙ ጅማ ገበያዋን ይዛ ቆየች። ይሁን እንጂ በግብር የተገዛ ነፃነት ዘላለማዊ አልሆነም፤ በ1924 ዓ.ም. ራስ ገዝነቱ አከተመ። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ 2010 ዓ.ም. እንግባ። አሥራ ስድስት ክለቦች፣ ለእያንዳንዱ ሠላሳ ጨዋታ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ያለፉትን አራት ዋንጫዎች በተከታታይ ወስዶ አምስተኛውን ሊጨምር ተዘጋጅቷል። አዲሱ መጤ ጅማ የገብረመድኅን ኃይሌ ሠልጣኝ ነው፤ ግብ ጠባቂው ጋናዊው ዳንኤል አጄይ፣ አጥቂው ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ። ከታች የመጣ ክለብ ሁሉ የመጀመሪያ ዓመቱ ጭንቀት አንድ ነው፦ ላለመውረድ። ጅማም ቢበዛ መሐል ላይ ተቀምጦ ይጨርሳል ቢባል የሚከራከር አልነበረም።

ዓመቱ ግን ለማንም የተረጋጋ ዓመት አልነበረም። በየካቲት ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በመጋቢት 24 ቀን ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። አገር ሲናወጥ ስታዲየም ብቻውን ሰላም ሊሆን አይችልም። ክለቦች የከተማና የብሔር ባንዲራ ወደ መሆን እየተጠጉ ስለነበር በሜዳ ላይ የሚጀመረው ጠብ በመንገድ ላይ የሚቀጥልበት ጊዜ ነበር። በሚያዝያ ወር መከላከያና ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ ሲጫወቱ ዳኛው ተደበደቡ፤ ሊጉም ላልተወሰነ ጊዜ ቆመ። ኳስ ተቋርጦ ሁሉም ሰው «እንዲያው ይጠናቀቅ ይሆን?» እስኪል ተደረሰ።

ተጠናቀቀ። እንዴት እንደተጠናቀቀም ታሪክ ነው። የመጨረሻው ጨዋታ እስኪያልቅ ድረስ ሻምፒዮኑ አልታወቀም። ጅማ አባ ጅፋርና ቅዱስ ጊዮርጊስ እኩል 55 ነጥብ ይዘው ጨረሱ፤ በግብ ልዩነት ዋንጫው ወደ ጅማ ሄደ። ኦኪኪ አፎላቢ 23 ግብ አግብቶ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። በግብ ልዩነት በሚወሰን ዋንጫ እያንዳንዷ ግብ ነጥብ ያህል ትመዝናለች፤ ዳር ላይ በአሸናፊነት መሐል ተረስታ የቀረች ሦስተኛ ወይም አራተኛ ግብ ሳትቀር በመጨረሻ ተቆጠረች። በሌላው ጫፍ ደግሞ ከወልዲያና ከአርባ ምንጭ ጋር ኢትዮ ኤሌክትሪክ ወረደ። ኢትዮ ኤሌክትሪክ ማለት በ1990 ዓ.ም. የሊጉን የመጀመሪያ ዋንጫ ያነሳው የያኔው መብራት ኃይል ነው። የመጀመሪያው ሻምፒዮን በሚወርድበት ዓመት አዲስ የመጣው ሻምፒዮን ሆነ። ልብ ወለድ ጸሐፊ እንዲህ ቢጽፍ አጋነነ ይባል ነበር።

ለእኛስ ምን ነበር? ያኔ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። በአስተዳደር ካርታ ማሻ ደቡብ ክልል፣ ጅማ ኦሮሚያ ነበሩ፤ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የተመሠረተው በ2014 ዓ.ም. ነው። በኳስ ግን ድንበሩን የጠየቀ አልነበረም። ቡና ለቃሚው፣ ሹፌሩ፣ መምህሩ «ዋንጫው ወደ እኛ መጣ» ነበር የሚለው። «እኛ» የምትለዋ ቃል ናት ቁም ነገሯ። ሁልጊዜ ዕቃ ከእኛ ወደ መሐል ሲሄድ ለለመደ ሕዝብ፣ አንድ ጊዜ እንኳ የተመኘው ነገር በተቃራኒው መንገድ ሲመጣ ማየት ተራ ደስታ አይደለም። ይህን የሚንቅ የታሪክ ተማሪ ሕዝቡን ገና አላወቀውም።

ግን ደስታው ምን ያህል ቆየ? በ2011 ዓ.ም. ጅማ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የጅቡቲ ቴሌኮምን አልፎ ከግብጹ አል አህሊ ጋር ተገናኘ። በግብጽ 2 ለ 0 ተሸነፈ፤ በመልሱ 1 ለ 0 አሸንፎ በድምር ውጤት ወደቀ። አል አህሊን ማሸነፍ በራሱ ክብር ነው። ሆኖም አሠልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ ቀድሞ ወደ መቀለ ሄዶ ነበርና፣ የ2011ን ዋንጫ ከጅማ ጋር በአንድ ዓመት ካለፈው ከመቀለ 70 እንደርታ ጋር አነሳ። የ2012 ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ሲካሄድ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም አንዱ አስተናጋጅ ሆነ፤ ሜዳው ግን እንጂ ቡድኑ ያው አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጅማ አባ ጅፋር ከፕሪምየር ሊጉ ወረደ። ከዋንጫ እስከ መውረድ አራት ዓመት!

እንዲህ ያለ ነገር በሌላውም ዓለም ደርሷል። የእንግሊዙ ኖቲንግሃም ፎረስት ባደገ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1979 እና በ1980 የአውሮፓን ዋንጫ ወሰደ፤ የወረደው በ1993 ነው። የጀርመኑ ካይዘርስላውተርን በ1998 እንዲሁ ባደገ ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ፤ የወረደው በ2006 ነው። አሥራ አምስት፣ ስምንት፣ አራት። ስለዚህ መውረዱ ብቻውን ነውር አይደለም፤ ሁሉም ይወርዳል። ጥያቄው በመውጣትና በመውረድ መካከል ምን ተሠራ የሚለው ነው።

አንዳንዶች «ዱሮስ በገንዘብ የተሰበሰበ ቡድን ነው፤ የጅማ ልጅ የት አለበት?» ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። እንግዳ ተጫዋች ማምጣት ኃጢአት ቢሆን ኖሮ የ1936ቱ ሊግ ራሱ ባልተጀመረ ነበር። ኦኪኪ ያገባው ግብ የጅማ ግብ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። አብዛኛው የክልል ክለባችን የሚኖረው ከከተማ አስተዳደር ካዝና በሚሰጥ በጀት ነው። ትኬቱም ማልያውም ደመወዝ አይሸፍንም። በጀቱ ሲኖር ተጫዋች ይመጣል፤ ሲሳሳ ይሄዳል፤ የሚቀር ሜዳ፣ የሚቀር የታዳጊ ቡድን፣ የሚቀር አሠልጣኝ የለም። ክለቦቹ ራሳቸው ከ2012 የውድድር ዘመን ጀምሮ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳያልፍ መስማማታቸው ቀንበሩ ምን ያህል እንደከበደ ያሳያል። ጣሪያ መምታት ግን መሠረት መጣል አይደለም።

የአባ ጅፋርን ግብር አንባቢ ያስታውስ። በየዓመቱ በሚከፈል ነገር የቆመ ክብር፣ ክፍያው ወይም ከፋዩ ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። ክለቡ የንጉሡን ስም ብቻ ሳይሆን ዕጣቸውንም ወረሰ ብንል አላጋነንንም።

ስለዚህ የ2010 ዓ.ም. ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ዳር የተባለ አገር ዋንጫ ማንሳት ይችላል፤ ይህ ከእንግዲህ የሚካድ አይደለም። ሁለተኛው፣ ማንሳትና ይዞ መቆየት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያውን አንድ ጎበዝ አሠልጣኝና አንድ ጎበዝ አጥቂ በአንድ ዓመት ይሠሩታል። ሁለተኛውን የሚሠራው ማሻ ላይ ውሃው የሚወርድለት ሜዳ፣ ቴፒ ላይ የትምህርት ቤቶች ውድድር፣ ሚዛን ላይ ታዳጊ የሚያሠለጥን መምህር ነው። ነገ ተመርቀን ወደየመጣንበት ስንመለስ ከእኛ መካከል መምህር የሚሆነው፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤት በጀት የሚያዘው ብዙ ነው። ያኔ ስለ ኳስ ሲጠየቅ «ይህ የልጆች ጨዋታ ነው» ብሎ ፋይሉን የሚዘጋ ከመካከላችን እንዳይገኝ፣ ከአሁኑ እንነጋገርበት።