ዝም ያለ ተራራ ሁሉ የሞተ አይደለም
የእሳተ ገሞራ ታሪክ በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ

ታሪክ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የነገሥታትን ዙፋን፣ የጦርነትን ድልና ሽንፈት፣ የመንግሥታትን ውልና ስምምነት ነው። ነገር ግን ምድርም እንደ ሰው ልጅ የራሷ ታሪክ አላት። የሰው ታሪክ በብራናና በወረቀት እንደ ተጻፈ ሁሉ የምድርም ታሪክ በአለት፣ በአመድና በባልጩት ላይ ተጽፎ ይገኛል። የመጀመሪያውን ፊደል የቈጠረ ሁሉ ሲያነበው፣ ሁለተኛውን ለማንበብ ግን የአለትን ጠባይ መማር ያስፈልጋል።

የዚህ አጭር ጽሑፍ አሳብ በትምህርት ቤቶቻችን ለብዙ ዘመን ሲነገር የኖረውን አንድ አከፋፈል መመርመር ነው። ይኸውም እሳተ ገሞራን ሕያው፣ ያንቀላፋና የሞተ ብሎ በሦስት መክፈል ነው። አከፋፈሉ ለተማሪ ለማስታወስ ይቀላል። ይሁን እንጂ በአገራችንና በጎረቤቶቻችን የሆነውን ነገር መለስ ብለን ስንመለከት፣ ያንቀላፋ ወይም የሞተ ይባል የነበረው ተራራ ብዙ ጊዜ ታሪኩን የሚጽፍለት ሰው ያጣ ተራራ ሆኖ እናገኘዋለን። ይህን በሚገባ ለመረዳት አስቀድሞ እሳቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ጠባዩም ለምን እንደሚለያይ ማወቅ ይገባል።

እሳቱ ከየት ይመጣል?

ብዙ ተማሪዎች ከእግራችን በታች ያለው የምድር ውስጥ በሙሉ የቀለጠ የእሳት ባሕር ይመስላቸዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ከምድር ቅርፊት በታች እስከ 2,900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት የሚደርሰው ክፍል ምንም እንኳ እጅግ የጋለ ቢሆን፣ በላዩ ያለው ክብደት ስለሚጫነው በአብዛኛው አይቀልጥም፤ ጠጣር እንደ ሆነ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ እጅግ በዝግታ ይንቀሳቀሳል እንጂ።

ስለዚህ አለቱ የሚቀልጠው በልዩ ምክንያት ነው። ከምክንያቶቹ ዋና ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው የጋለው አለት ወደ ላይ ሲወጣ የተጫነው ክብደት ስለሚቀንስለት መቅለጥ መጀመሩ ነው። ሁለተኛው አንዱ የምድር ሰሌዳ ከሌላው ሥር ሲሰምጥ ይዞት የሚገባው ውኃ አለቱ የሚቀልጥበትን ሙቀት ዝቅ ማድረጉ ነው። የጃፓን፣ የኢንዶኔዥያና የደቡብ አሜሪካ እሳተ ገሞራዎች ከሁለተኛው ወገን ናቸው፤ የእኛዎቹ ግን ከመጀመሪያው ወገን ናቸው።

በአፋር ምድር ሦስት የምድር ሰሌዳዎች ይገናኛሉ፤ እነርሱም የዐረብ፣ የኑብያና የሶማሌ ሰሌዳዎች ይባላሉ። ሦስቱም እርስ በርሳቸው ይራራቃሉ። የዐረብ ሰሌዳ በዓመት ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ሲርቅ፣ የሶማሌ ሰሌዳ ደግሞ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይርቃል። ሰሌዳዎቹ ሲራራቁ ቅርፊቱ ይሳሳል፤ ቅርፊቱ ሲሳሳ ከታች ያለው የጋለ አለት ወደ ላይ ይወጣል፤ ወደ ላይ ሲወጣም ይቀልጣል። ከቀይ ባሕር ጀምሮ በአዋሽና በሐይቆቻችን ሸለቆ አልፎ እስከ ኬንያና እስከ ታንዛንያ የሚወርደው ስምጥ ሸለቆ በእሳተ ገሞራ የተሞላው ስለዚህ ነው።

የደጋው ነዋሪም ይህ ነገር የቆላ ነገር ነው ብሎ ሊያስብ አይገባውም። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከምድር ስንጥቅ የፈሰሰ ላቫ የሰሜኑን ደጋ ሸፍኖ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ውፍረት ተደራርቧል። የስሜን፣ የጮቄና የጉና ተራሮች በእሳተ ገሞራ የተሠሩ ናቸው። የላሊበላ ቅዱሳት መካናትም የተፈለፈሉት እሳተ ገሞራ ከተፋው አለት ነው። አዲስ አበባም ብትሆን በ1879 ዓ.ም. ገደማ ስትቈረቈር የመጀመሪያዎቹን ሰዎች የሳበው ፍል ውኃው ነበረ፤ ስሙም እስከ ዛሬ ድረስ ከመሬቱ በታች ያለውን ሙቀት ይመሰክራል።

የእሳተ ገሞራ ጠባይና ዐይነት

የእሳተ ገሞራ ጠባይ የሚለየው በተለይ በሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም በቀለጠው አለት ውፍረትና በውስጡ በታመቀው ጋዝ ብዛት ነው። ይህን ለተማሪ ለማስረዳት ከማድ ቤት የተሻለ መሣሪያ የለም። ውኃ ሲፈላ አረፋው በቀላሉ ወደ ላይ ወጥቶ ይጠፋል። ገንፎ ሲንተከተክ ግን አረፋው በወፍራሙ ውስጥ ታፍኖ ይቆይና በድንገት ፈንድቶ የሚያማስለውን ሰው እጅ ያቃጥላል። የቀለጠ አለትም እንዲሁ ነው። በአሸዋ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ሲሊካ ከመቶው 50 ያህል የሆነበት ቅልጥ አለት ቀጭን ስለ ሆነ ጋዙን በቀላሉ ይለቃል፤ ከ1,100 ዲግሪ በላይ ግሎም እንደ ወንዝ ይፈሳል። ሲሊካው ከመቶው ከ70 የሚበልጥበት ግን ወፍራም ስለ ሆነ ጋዙን አፍኖ ይይዛል፤ ግፊቱ ሲበረታም ተራራውን ሰንጥቆ አመድና ድንጋይ ወደ ሰማይ ይረጫል።

ቅርጹም ጠባዩን ይከተላል። ቀጭኑ ላቫ ሩቅ እየፈሰሰ ሲደራረብ መሬት ላይ የተደፋ ጋሻ የመሰለ ሰፊና ዝቅ ያለ ተራራ ይሠራል። በአፋር የሚገኘው ኤርታሌ ከባሕር ወለል በላይ 613 ሜትር ብቻ ሆኖ፣ በአፉ ውስጥ የሚንቀለቀል የላቫ ሐይቅ በመያዙ በዓለም የታወቀ ነው። አንድ ጊዜ ላቫ፣ አንድ ጊዜ አመድ እየተደራረበ የሚሠራው ደግሞ ከፍ ያለ ሾጣጣ ተራራ ይሆናል፤ 5,895 ሜትር ከፍታ ያለው የታንዛንያው ኪሊማንጃሮ ከዚህ ወገን ነው። በቡታጅራና በቢሾፍቱ አካባቢ ግንበኞች ቀይና ጥቁር ቀዳዳማ ድንጋይ የሚቈፍሩባቸው ትናንሽ ኮረብቶች ደግሞ በአንድ ወቅት ፈንድተው የቀሩ ናቸው።

አንዳንድ ተራራ ከውስጡ ብዙ ቅልጥ አለት ከወጣበት በኋላ ጣሪያው ይደረመስና ሰፊ ጐድጓድ ይሆናል። 266 ሜትር ጥልቀት ያለው የሻላ ሐይቅ ያረፈው በእንዲህ ያለ ጐድጓድ ውስጥ ነው። የቢሾፍቱ፣ የሆራና የባቦጋያ ሐይቆች ግን ሌላ ታሪክ አላቸው፤ እነርሱ የተፈጠሩት ወደ ላይ የሚወጣው ቅልጥ አለት ከከርሠ ምድር ውኃ ጋር ሲገናኝ ውኃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ መሬቱን ስለ በሳው ነው። በሰሜን ታንዛንያ የሚገኘው፣ ማሳዮች የአምላክ ተራራ የሚሉት ኦልዶንዮ ሌንጋይ ደግሞ በዛሬው ዓለም ካሉት እሳተ ገሞራዎች ሁሉ ይለያል፤ ላቫው በሲሊካ ምትክ በሶዳ የበለጸገ ሲሆን፣ ሙቀቱ ከሌላው ላቫ በግማሽ ያህል ያንሳል፤ ሲወጣ ጥቁር ሆኖ ጥቂት ቈይቶ ይነጣል።

የተጻፈውና ያልተጻፈው

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በአፍሪካ ቀንድ በታሪክ ከተመዘገቡት ፍንዳታዎች ሁሉ ታላቁ በቀይ ባሕር ዳርቻ ከኢድ ከተማ በስተ ውስጥ በሚገኘው በዱቢ ተራራ የደረሰው ነው። ጊዜው ግንቦት 1 ቀን 1853 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1861)፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዘመን ነበረ። የኢድ ሰዎች ሌሊት በመሬት መንቀጥቀጥ ተቀስቅሰው ወጡ። ሲነጋም ደቃቅ አመድ ይወርድ ጀመር፤ ቀኑ እንደ ጨለማ ሆነ፤ አመዱም እስከ ጕልበት ሊደርስ ጥቂት ቀረው። በማግሥቱ ሌሊት እሳትና ጢስ ከተራራው ሲወጣ ታየ። የፍንዳታው ድምፅ እንደ መድፍ ሆኖ እስከ ፔሪም ደሴት ተሰማ፤ አመዱም ባሕሩን ተሻግሮ በየመን ጠረፍ ላይ ወረደ። ሁለት መንደሮችና ከመቶ በላይ ሰዎች እንደ ጠፉ ተነግሯል።

ይህን ሁሉ ልናውቅ የቻልነው ለምንድን ነው? በጊዜው በዔደን የነበረ ፕሌይፌር የሚባል የብሪታንያ ሹም ከመርከበኞችና ከጠረፍ ሰዎች የተሰማውን ሰብስቦ ስለ ጻፈ ነው። በባሕሩ ማዶ ጸሓፊ ባይኖር ኖሮ ዱቢም ዛሬ ከሞቱት ተራሮች ጋር ይቈጠር ነበር። የእኛ ዜና መዋዕል የሚከተለው የንጉሡን ሰፈር ነው፤ የቆላው እረኛ ያየው እሳት በቃል ይነገራል እንጂ በብራና አይገባም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ ከፈንታሌ ተራራ ደቡባዊ ጐን መሬት ተሰንጥቆ ላቫ ፈስሷል። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚጓዝ ሰው በመተሐራ በኩል ሲያልፍ እንደ ትናንት የፈሰሰ የሚመስለውን ጥቁር ድንጋይ ያያል። መንገደኛው ሁሉ ያየዋል፤ የስንት ዘመን ነገር መሆኑን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ናብሮ የሚባለው የኤርትራ ተራራ ከሰኔ 5 ቀን 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2011) በፊት ፈነዳ ተብሎ በታሪክ የተመዘገበበት ቀን አልነበረም። በዚያች ሌሊት ግን ከተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ፈንድቶ የሰው ሕይወት አጠፋ፤ አመዱም የአውሮፕላን ጉዞ አወከ። ከኤርታሌ በስተ ደቡብ የሚገኘው ሃይሊ ጉቢም ታሪክ የማያውቀው ተራራ ነበረ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2025) ፈንድቶ አመዱን እስከ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ሰደደ፤ አመዱም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በዖማን በኩል እስከ ፓኪስታንና እስከ ሕንድ ደረሰ። በአቅራቢያው ያለው መንደርና የከብቱ ግጦሽ በአመድ ተሸፈነ። ሃይሊ ጉቢ በቅርጹ ከጋሻ መሳዮቹ ወገን ሲሆን በኃይል መፈንዳቱ፣ የቅርጽ ስም ትንቢት አለመሆኑንም ያስተምረናል።

እሳቱ ሳይታይ የሚሠራበትም ጊዜ አለ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) በአፋር በዳባሁ አጠገብ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መስመር ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 8 ሜትር ተከፈተች፤ ወደ ስንጥቁ የገባው ቅልጥ አለት እጅግ ብዙ ሲሆን ውጭ የታየው ግን በመስከረም 16 ቀን የወጣው ጥቂት አመድ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም በፈንታሌና በዶፈን መካከል እንዲሁ ቅልጥ አለት ከመሬት በታች ሲገባ ምድር ለወራት ተንቀጠቀጠች፤ ቤት ፈረሰ፤ መንገድ ተሰነጠቀ፤ በአሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከቀዬው ለቀቀ። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. የደረሰው መንቀጥቀጥ በመለኪያው 6 ገደማ ነበረ። ላቫ ግን አልፈሰሰም።

የመምህር ድርሻ

ከዚህ ሁሉ ለመምህር ሦስት ነገር ይተርፋል።

አንደኛ፣ "የሞተ ተራራ" የሚለውን ቃል በጥንቃቄ እንጠቀምበት። ሊቃውንት ዛሬ በአብዛኛው ሕያው የሚሉት ባለፉት 10,000 ዓመታት ገደማ የፈነዳውን ሁሉ ነው። የሰው ጽሑፍ ደግሞ በአንዳንድ ስፍራ 100 ዓመት እንኳ አይሞላም። ተማሪው "ይህ ተራራ ሞቷል ወይ?" ብሎ ሲጠይቅ፣ "ከመቼ ወዲህ አልፈነዳም? ማንስ ጻፈው?" ብሎ እንዲጠይቅ ማስተማር ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ምልክቱን እናስተምር። እሳተ ገሞራ ብዙ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ አይመጣም፤ ምድር ደጋግማ ትንቀጠቀጣለች፤ አዲስ እንፋሎት ይወጣል፤ የምንጭ ውኃ ሙቀቱና መልኩ ይለወጣል። ማስጠንቀቂያውን የሚሰማ ሰው ከሌለ ግን ዋጋ የለውም፤ ያም ሆኖ ጊዜው አጭር ሊሆን ይችላል። በኮንጎ የሚገኘው የኒራጎንጎ ተራራ እ.ኤ.አ. በ1977 የላቫ ሐይቁ በጐኑ ተሰንጥቆ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ፈስሶ አለቀ፤ በ2002 ደግሞ ላቫው በጎማ ከተማ መካከል አልፎ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ አሰደደ፤ በ2021 እንደ ገና ፈሰሰ። አመድ በሚወርድበት ጊዜ አፍና አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን፣ የመጠጥ ውኃን መክደን፣ አመዱ ጣሪያ ላይ እንዳይከማች መጥረግ ለሕፃን እንኳ ሊነገር የሚችል ትምህርት ነው።

ሦስተኛና ዋናው፣ መምህር ጸሓፊ ይሁን። መንግሥት በየተራራው ሥር የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ሊያቆም ባይችል እንኳ፣ በአብዛኛው ተራራ ሥር አንድ ትምህርት ቤት፣ በትምህርት ቤቱም ውስጥ አንድ መምህር አለ። ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን፣ አመድ የወረደበትን ዘመን፣ ምንጭ የደረቀበትን ወይም የፈላበትን ወራት፣ የተራራውንና የሸለቆውን ስም ከነትርጕሙ ጠይቆ ከነቀኑ በአንድ መዝገብ ላይ ማስፈር ደመወዝ ወይም መሣሪያ አይጠይቅም። ስም ራሱ ምስክር ነው፤ ኤርታሌ በአፋርኛ የሚጤስ ተራራ ማለት ነው፤ ይህንንም የተናገረው ሊቅ ከመምጣቱ በፊት በአጠገቡ የሚኖረው ሰው ነው።

በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የምናስተምር ሰዎች ዕጩ መምህራንን ወደ ገጠር ስንልክ ጠመኔና መጽሐፍ አስይዘን እንሰዳቸዋለን። በዚህ ላይ አንድ ባዶ መዝገብ እንጨምርላቸው። በዱቢ ዘመን የሆነውን በባሕር ማዶ የነበረ ባዕድ ጻፈልን፤ የሚመጣውን ግን በተራራው ሥር የሚያስተምረው የአገሩ መምህር ይጻፈው። ከእኛ በኋላ የሚመጡት ልጆች በዚያ መዝገብ ላይ የሚያነቡት ቀን አንድ መንደር አስቀድሞ ከአደጋ እንዲርቅ ያደርግ ይሆናልና።