የውስጥ መስመርና የውጭ መስመር፦ ከተምቤን እስከ አምባ አላጌ

በጂኦሜትሪ ነገሩ ቀላል ነው። በክብ ዙሪያ ላይ ፊት ለፊት ያሉ ሁለት ነጥቦችን በመሃል የሚያገናኘው መስመር 1 ቢሆን፣ በዙሪያው የሚዞረው 1.57 ይሆናል። ናፖሊዮንን ያገለገለው ስዊሳዊው ዦሚኒ ስለ "ውስጥ መስመር" የጻፈው የጦር ስልትም ከዚህ አይርቅም፤ በመሃል ያለ ጦር ጠላቶቹ ሳይገናኙ አንዱን መትቶ ወደ ሌላው ይዞራል። በኤሌክትሪክ ሙያ ግን አጭር ቀጭን ሽቦ ከረጅም ወፍራም ሽቦ የበለጠ ኃይል ሊያባክን ይችላል። ርዝመት ብቻውን ምንም አይነግረንም።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ከኤርትራና ከሶማሊያ ሲመጣብን፣ ካርታ ላይ የውስጥ መስመሩ የእኛ ነበር። መንገድ ግን አልነበረንም። ጦራችን ከመሃል አገር ሰሜን ግንባር ለመድረስ ሳምንታት በእግሩ ተጓዘ። ራስ ሙሉጌታ አምባ አራዶም፣ ራስ ካሣና ራስ ሥዩም ተምቤን፣ ራስ እምሩ ሽሬ ሆነው አንዱ የሌላውን ውጊያ የሚሰማው ዘግይቶ ነው፤ የነበረችንን ጥቂት ሬዲዮም ጠላት ያዳምጣት ነበር። ባዶሊዮ መቀሌን ይዞ፣ በመኪና መንገድና በአውሮፕላን (የመርዝ ጋዙ ሳይረሳ) ሦስቱንም በየካቲት ወር ተራ በተራ መታቸው። ከባሕር ማዶ የመጣው ወራሪ በገዛ አገራችን የውስጥ መስመሩን ወሰደብን ማለት ነው። መጋቢት 22 ማይጨው ሲደርስ ሒሳቡ አልቆ ነበር።

በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ቦታው ተገለበጠ። ጣሊያን መሃል ሆነ፣ እንግሊዞች ከሱዳንና ከኬንያ መጡበት። ከኬንያ የተነሣው የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር ውስጥ ከዚህ ከጆሃንስበርግ የዘመቱ ወታደሮችም ነበሩ። ጣሊያን አሁን ራሱ የሠራው የአስመራ–አዲስ አበባ መንገድ ነበረውና የሳቮያ ግሬናዴሮችን ከአዲስ አበባ በካሚዮን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ አጓጉዞ ከረን አደረሳቸው። ዦሚኒ ቢያይ ይደሰት ነበር! ከረንም እስከ መጋቢት 18 ድረስ ተዋጋች።

ታዲያ ለምን ተሸነፈ? ስዊዝ ተዘግቶበት ጎማና ነዳጅ ማስገባት አልቻለም፣ አየሩም ተወስዶበታል። ይህ ግን የታሪኩ ግማሽ ነው። ዳንግላ፣ ቡሬና ደብረ ማርቆስ ያሰፈረውን ጦር እንደልቡ አንሥቶ ወደ ከረን ወይም ወደ ሐረር መላክ ያልቻለው ጎጃም በአርበኛ እጅ ስለነበረች ነው፤ ሸዋም ራስ አበበ አረጋይ ነበሩ። በየስብሰባችን "ነጻ ያወጣን እንግሊዝ ነው"፣ "የለም፣ አርበኛው ብቻውን ነው" እያልን የምንከራከር ወገኖች ሁለታችንም ካርታውን በግማሹ ነው የምናየው። የውጭው ጦር ከሞቃዲሾ ተነሥቶ በጅጅጋና በሐረር በኩል መጋቢት 28 አዲስ አበባ ለመድረስ ስድስት ሳምንት ያህል ብቻ የፈጀበት፣ ጣሊያን ውስጤ ብሎ የቆጠረው አገር ለአምስት ዓመት ውስጡ ሆኖ ስለማያውቅ ጭምር ነው። በስደት ሆነን ስለ "ውጭ ትግል" ስናወራ ይህ ቢታወሰን አይከፋም።

ከዚያ ወዲያ ያ መንገድ ለሌላ ሰው አገለገለ። የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ በኩል አምባ አላጌ የደረሰው ጣሊያን በሠራው መንገድ ነው። ግንቦት ላይ የአኦስታው ዱክ እዚያ ተከቦ እጁን ሲሰጥ፣ ከከበቡት መካከል የራስ ሥዩም ሰዎች ነበሩበት፤ የተምቤኑ ራስ ሥዩም።