ማኒላ፦ ኢስላም በንግድ የገባባት ከተማ

የዛሬዋ የፊሊፒንስ ዋና ከተማ ማኒላ ከስፔኖች በፊት በሙስሊም ገዥ ትተዳደር እንደነበር ስንቶቻችን እናውቃለን?

በፓሲግ ወንዝ አፍ ላይ ያለችውን ይህችን ወደብ ይገዛ የነበረው ራጃ ሱለይማን ከብሩናይ ሱልጣኖች ጋር ዝምድና ነበረው። የቻይና መርከቦች ሐርና የሸክላ ዕቃ ያራግፉባት፣ ሰምና ወርቅ ይጭኑባት ነበር። ኢስላምም የመጣው በዚሁ የንግድ መስመር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1570 የስፔን ጦር ደረሰ፤ በውጊያው ከተማይቱ ተቃጠለች። በ1571 ሌጋዝፒ የተባለው አዛዥ ያዛት። ግራናዳ ከወደቀች ገና 79 ዓመቷ ነበርና፣ በአንደሉስ ሙስሊሞችን ይጠሩበት የነበረውን «ሞሮ» የሚለውን ስም ይዘውት መጡ። በሱለይማን ምሽግ ቦታም የራሳቸውን ምሽግ ሠሩ።

ከዚያ በኋላ ኢስላም በማኒላ ከሰመ፤ በደቡብ በሚንዳናኦና በሱሉ ግን ጸና። ለምን? የደቡቡ ርቀት አንድ ምክንያት ነው። ሌላም አለ። ስፔኖቹ ራሳቸው እንደጻፉት የማኒላ ሰዎች የአሳማ ሥጋ አይበሉም፤ ስለ ቁርኣን የሚያውቁት ግን ጥቂት ነበር። በደቡብ ግን ሱልጣኔቶችና የሃይማኖት መምህራን ሥር ሰደው ነበር። ነጋዴ ዲንን ወደብ ያደርሳል፤ የሚያጸናው ዒልም ነው።

ዛሬ ከሚንዳናኦ የመጡ ሙስሊሞች በማኒላው ኪያፖ ሰፈር ይነግዳሉ፤ በ1976 የተሠራው ወርቃማው መስጊድም እዚያው ይገኛል።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችን ሐራሙን መተው ብቻ ሳይሆን ቁርኣኑንም ይወቁ።