ድፍረት

«ደፈረ» አንድም ሳይፈራ ገባበት፣ አንድም ክብር ገሰሰ ማለት ነው። የወንጀል ሕጋችን «አስገድዶ መድፈር» የሚለው በሁለተኛው ፍቺ ነው፤ በዚህ አገባብ ግሱ የአጥቂው ነው፣ ለሴቷ የሚተርፋት «ተደፈረች» ብቻ። ይህ ያመኛል።

አበራሽ በቀለ በ14 ዓመቷ ተጠለፈች፤ ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች፤ ፍርድ ቤትም ራሷን መከላከሏን ተቀብሎ በነጻ አሰናበታት። በ2006 ዓ.ም ታሪኳ መነሻ የሆነው ፊልም «ድፍረት» ተባለ። ርእሱ ሁለቱንም ፍቺ ይይዛል፣ ጥሩ ምርጫ ነው። ሆኖም የአዲስ አበባው ምርቃት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተቋረጠ፤ አበራሽ ታሪኬ ያለፈቃዴ ተወሰደ ብላ ነበርና። እኔ የቃሉን የመጀመሪያ ፍቺ የማየው እዚህ ላይ ነው፤ ጥቃቱን የቻለችው ሴት ታሪኳ መቼ፣ በማን አንደበት እንደሚነገር ራሷ ልወስን ስትል።