«ነገ ይመለሱ» ከየት መጣ?

መገናኛ አካባቢ ጉዳይ ለማስፈጸም የወጣ ሰው መልሱን ቀድሞ ያውቀዋል። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «አንድ ፊርማ ይጎድላል»፣ «ነገ ይመለሱ»። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ሠራተኛ ፋይሉን አገላብጣ አይታዋለች፤ ጉዳዩ ማለቅ እንደሚችልም ይገባታል። እንድትወስን ግን ማንም አላመናትም። ባለጉዳዩ «ሥነ ምግባር የላትም» ብሎ እያጉረመረመ ይወጣል።

ከመገናኛ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ቦሌ ወረድ ሲሉ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አለ። እዚያም የሚሠሩት የዚህችው ከተማ ልጆች ናቸው። የመስተንግዶውን ልዩነት በዩኒፎርምና በደመወዝ ብቻ ማስረዳት ይከብዳል። ታሪኩ የተሻለ ይናገራል።

አየር መንገዱ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም አስተዳደሩም የአውሮፕላኑ መሪም በቲደብሊውኤ ውል በመጡ አሜሪካውያን እጅ ነበር። የመጀመሪያው በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ ተደረገ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የዲሲ 3 አዛዥ ለመሆን የበቁት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ሩብ ምዕተ ዓመት ማለት ነው። እምነቱ በአንድ ቀን ደብዳቤ አልመጣም፤ ሰው እየሠለጠነ፣ እየተፈተነ፣ ኃላፊነት እየተረከበ ነው የተገነባው። ደግሞስ አየር ላይ ማን ይፈርማል? አብራሪው መወሰን አለበት። ይህ የሙያው ጠባይ ድርጅቱን ሠራተኛውን እንዲያምን አስገድዶታል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ያም ሆኖ እምነቱ አንድ ጊዜ ሊፈርስ ደርሶ ነበር። በደርግ የመጀመሪያ ዓመታት ከሙያ ይልቅ ፖለቲካ ሲገባበት ድርጅቱ ለኪሳራ ተቃረበ። እ.ኤ.አ. በ1980 ካፒቴን መሐመድ አህመድ ተሾሙ፤ ቤቱም እንደገና በንግድ ሕግ መመራት ጀመረ። ወቅቱ ለሁሉም የተመቸ አልነበረም፤ ሠራተኛ ተቀንሷል። ግን የሞስኮ ወዳጅ የነበረው መንግሥት እንኳ ባለሙያዎቹን ሰምቶ ከአሜሪካ ቦይንግ 767 ገዛ። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሲቪል ሰርቪሱ ሌላ መንገድ ሄደ። በደርግ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ተቀመጠ፤ ቀጥሎ ግምገማ መጣ። በሁለቱም ዘመን ሠራተኛው የተማረው አንድ ነገር ነው፤ የወሰነ ይጠየቃል፣ ወደ በላይ የመራ ይድናል።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. የመጣው ቢፒአር ይህን ለመስበር አስቦ ነበር። ባለጉዳይ አሥር ጠረጴዛ ከሚዞር አንድ ሠራተኛ ጉዳዩን ይጨርስለት ነበር ሐሳቡ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ችግሩ በዚያው ሰሞን ሠራተኛው ለያዘው ወንበር እንደ አዲስ ተወዳድሮ በድልድል እንዲመደብ መደረጉ ነው። በአንድ እጅ ሥልጣን ሰጥቶ በሌላው እንጀራውን ያስፈራሩበት ሰው እንዴት ደፍሮ ይፈርማል? ስሙ ተቀየረ፣ የጠረጴዛው አቀማመጥ ተቀየረ፣ ፊርማው ግን ኃላፊው ቢሮ ቀረ።

አሁን ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት አለ። አዳራሹ ያምራል፣ ወረፋውም በቁጥር ነው። ዋናው ጥያቄ ግን እንደ ድሮው ነው፤ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ በቅን ልቦና ወስና ብትሳሳት ማን ከጎኗ ይቆማል?